የባትሪ ውሃና የደረጀ ሸክላዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ፣ ወደ ማታ ንፋስ። እራት ላይ እኔ፣ ባለቤቴ ደረጀና ልጃችን ሜሮን ነበርን። ከእራት በኋላ ጎረቤታችን ዘምዘም ከላይኛው ፎቅ ወርዳ ገባች።

ደረጀ የዘፈን ሸክላዎቹን ሊሸጥ ነው። እንጀራ እየቆረሰ ነገረን፣ ስለ መብራት ሂሳብ የሚያወራ ይመስል። «ቅዳሜ ኢዮብ የሚባል ልጅ ይመጣል። አሮጌ ሸክላ ይሰበስባል። ጠቅልለህ ውሰድ ብዬዋለሁ።»

«አባዬ! ለምን?» አለች ሜሮን።

«ድምፃቸው አለቀ። መርፌ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ትኩስ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣሉበት ይንጣጣል። ዘፈን ልስማ ብዬ ቁጭ ስል ወጥ ሲሠራ የምሰማው ለምንድን ነው?»

እኔ ምንም አላልኩም። እንደ ልማዴ። ሳህን ሳጥብ ግን አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

ስለነዚህ ሸክላዎች ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ጌጃ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል መለየት ጀምሬ ነበር፤ ፊደሎቹ ግን ቃል አልሆን ብለውኝ ቆዩ። ከተጋባን በኋላ ደረጀ ሸክላ ሊያጫውት ሲል የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም ጮክ ብሎ ይጠራ ነበር፣ እንደ ሬዲዮ። እሱ አውቶቡሱን ሊነዳ ሲወጣ ሸክላውን አወጣና የመሃሉን ወረቀት አያለሁ። ጆሮዬ የያዘውን ከተጻፈው ጋር አጋጥማለሁ። ማንበብ የቻልኩት እንዲያ ነው። ይኼን ማስታወሻ የምጽፈውም በዚያው ነው። ሰው ድምፃቸው አለቀ ሲል እኔ የማስበው ወረቀታቸውን ነው።

ሜሮን አንድ ነገር አለች። «እማዬ፣ ምናልባት አላለቁም፤ ቆሽሸው ይሆናል። ውጭ አገር ሸክላ የሚያጥብ ማሽን አለ።» ስልኳ ላይ አሳየችን።

ዘምዘም ሳቀች። «ለሸክላ ማጠቢያ? ወላሂ እኔ እስካሁን ልብስ በእጄ ነው የማጥበው!» ቀጥላ ግን ዓርብ ለንግዷ ዱባይ እንደምትሄድ ነገረችን። «አንድ ዕቃ አመጣላችኋለሁ። አንድ ብቻ። ከባድ ከሆነ አልሸከምም። የቱ እንደሆነ እስከ ዓርብ ወስኑ።»

ሜሮን «ዋጋው በእኔ ነው» አለች፤ የባንክ ሠራተኛ መሆኗን አልፎ አልፎ ማሳየት ትወዳለች። ደረጀ ከሶፋው ላይ «ለሸክላ ሻወር ልትገዙ ነው?» አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ረቡዕ

ሰማዩ ጥርት ያለ። ውሃ የለም። ደረጀ ወደ ሜክሲኮ ወጥቷል፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ የሚሰበሰቡበት ካፌ አለ።

ሜሮን ጠዋት ስልኬ ላይ ቪዲዮዎቹን አስቀምጣልኝ ሄደች። ሽሮው እየተንተከተከ ሳይ ዋልኩ። የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው። ቋንቋቸውን ባላውቅም እጃቸውን አያለሁ። እጅ ብዙ ይናገራል። አንዱ ሰውዬ ለምሳሌ ማሽኑን እያሞገሰ ይመስለኛል፣ ግን ሸክላውን ሲያወጣ በፍርሃት ነው የሚይዘው።

የገባኝን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ።

የሚመጥጠው። ሸክላው ላይ ውሃ ይቀባና እንደ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን በአፉ ይስበዋል። ወዲያው ደረቅ ይላል። ሜሮን የወደደችው ይኼን ነው። ጩኸቱ ግን ስልክ ውስጥ እንኳን ወፍጮ ቤት ነው። እኛ ደግሞ ጎረቤት ሲያስነጥስ በግድግዳው ይማርህ የምንል ሰዎች ነን። ከባድም ነው። ዘምዘም ትገድለኛለች።

የሚያንቀጠቅጠው። ውሃው ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ ይንቀጠቀጥና ቆሻሻው ራሱ ይራገፋል። ሸክላው ቆሞ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ማንም አይነካውም። እንዴት ያምራል! ሦስት ጊዜ አየሁት። መብራት ከጠፋ ግን ባዶ ሳጥን ነው። ዋጋውን ሜሮን ስትነግረኝ «በቃ ዝጊው» አልኳት።

በእጅ የሚዞረው። ጠባብ የፕላስቲክ ገንዳ፣ ግራና ቀኝ ብሩሽ ያለው። ሸክላው መሃል ላይ ይቆምና በእጅ ይሽከረከራል። መብራት አይፈልግም። ቀላል ነው። ውሃውም ትንሽ ነው የሚበቃው። ግን ያው ውሃ ውስጥ ነው ደጋግሞ የሚዞረው፤ የመጀመሪያው ሸክላ ቆሻሻ ለአምስተኛው ይደርሰዋል። ማድረቁም በጨርቅ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አየሁ፤ ሜሮን አላየችውም። በእጅ ከሚዞሩት ውስጥ አንዳንዶቹ የመሃሉን ወረቀት አይሸፍኑም። ሰውዬው ሸክላውን ሲያወጣ ውሃው ወርዶ ወረቀቱን ሲነካ አየሁ። ሌሎቹ ግን ግራና ቀኝ ክብ ክዳን አላቸው፣ ጠርዙ ላስቲክ ነው፣ ይጠብቃል። ማታ ስነግራት «እማዬ፣ ዋናው ድምፁ ነው እኮ» አለች።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሸክላዎቹ ቆሽሸዋል ወይስ አልቀዋል? ካለቁ ማሽን ምን ይሠራል? መጀመሪያ አንዱን በእጄ አጥቤ ማየት አለብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ብርድ። ጠዋት ውሃ መጣ፣ ሁሉም ሰው ባልዲ ይዞ ሲሯሯጥ ነበር። ቤት እኔ ብቻ፤ ደረጀ ከሰዓት ገባ።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የሻይ ማፍያችን ውስጡ እንዴት ነጭ ሆኖ እንደተጋገረ አውቃለሁ። ያ ነጭ ነገር ሸክላ መስመር ውስጥ ቢደርቅ መርፌው ድንጋይ ላይ ሊሄድ ነው። ቪዲዮዎቹ ውስጥ የሚጠቀሙት የተጣራ ውሃ ነው፤ ሜሮን «ምንም ነገር የሌለበት ውሃ» ብላ ተረጎመችልኝ። የት ይገኛል ብዬ ሳስብ ትዝ አለኝ። የባትሪ ውሃ! የሾፌር ሚስት ሆኜ እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም። ማደያ ሄጄ ባዶ ጠርሙስ ሰጠሁ፣ ሞልቶ ሰጠኝ። «መኪናዎት የት ነው እማማ?» አለኝ የሚቀዳው ልጅ። «ዘፈን ላይ ልጠቀምበት ነው» ብል አይገባውም ብዬ ቤት ነው አልኩት።

ቤት ስደርስ ውሃው መጥቶ ነበር። ጠርሙሱን ፍሪጁ ላይ አስቀምጬ ጀሪካኖቹን ስሞላ ቆየሁ።

ከዚያ ሥራ። ያዘጋጀሁት፦ ትንሽ ሳፋ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሜሮን ሕፃን ሆና ፀጉሯን የማበጥርበት ለስላሳ ብሩሽ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ ለወረቀቱ መሸፈኛ ሁለት የፕላስቲክ ክዳን። ደረጀ ድሮ እሑድ እሑድ የሚያጫውተውን ትንሹን ሸክላ መረጥኩ፣ ሴት የምትዘፍንበትን። በመስመሩ አቅጣጫ ዙሪያውን ቦረሽኩ። የወጣው ውሃ የቡና ዝቃጭ መሰለ። ደስ አለኝ! ቆሽሾ ነው እንጂ አላለቀም አልኩ ለብቻዬ። በቀረው ውሃ አለቅልቄ የሰሃን መደርደሪያ ላይ አቆምኩት።

ደረጀ ገብቶ ሳፋውን አየ። «አንቺ ደግሞ እውነትሽን ነው?» አለ። ሸክላውን አጫወትኩት።

የባሰ ነው። ከበፊቱ የባሰ። ሽንኩርት አይደለም፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲበተን ነው። ሁለት ቦታ ላይ ዘለለ። ደረጀ ራሱ ተነስቶ መርፌውን አነሳ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አየሽ፣ አልቋል» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ድሮ ሸክላ ቤቶች እንዲያብረቀርቅ ቅባት ያሹት ነበር። አይቼ እኔም የፀጉር ቅባት አሸሁ። ምኑን ልታጥቢው።»

ወደ ላይ ወጥቼ ዘምዘምን «ማሽኑን ተዪው» አልኳት። ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። «ምነው፣ አብሽሪ፣ ታመምሽ እንዴ?» አለች ፊቴን አይታ። ደክሞኝ ነው አልኩ።

የቆሸሸውን ውሃ ለሽንት ቤት ይሆናል ብዬ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እንኳንም አስቀመጥኩት፤ ለምን እንደሆነ በማግስቱ ነው ያወቅኩት። (ይኼን ዓርብ ነው የጨመርኩት።)

ዓርብ

ፀሐይ። ንፋስ የለም። ሜሮን ሥራ ገብታለች። እኔና ደረጀ።

ከየት ልጀምር። ሳቄ አሁንም ይመጣል።

ደረጀ ለጨጓራው ብሎ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጸበል ይጠጣል። ሜሮን ከልደታ ያመጣችለት፣ እምነት የተበጠበጠበት ጸበል ነው። ጠርሙሱ የሚቀመጠው ፍሪጅ ላይ ነው። ዛሬ ቀድቶ በስመ አብ ብሎ ተጎነጨና ፊቱ ተለወጠ። ወደ መታጠቢያው ተፋው።

«ይኼ ጸበል ምንም ጣዕም የለውም» አለ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳው። «እምነቱ የታለ? ከሥሩ ይዘቅጥ ነበር እኮ።» አሸተተው። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «ብርቄ፣ ይኼ የባትሪ ውሃ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ባትሪ የሞላሁ ሰው አይሳሳትም።»

የባትሪው ውሃ እዚህ ካለ፣ ትናንት ሸክላውን ያጠብኩት በምንድን ነው?

በጸበል። እምነት ባለበት ጸበል! ሁለቱ ጠርሙሶች ፍሪጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተምታተውብኝ ነው። አመድና አፈር በየመስመሩ ውስጥ በብሩሽ እየጠቀጠቅኩ ነበር። ጠጠሩ እሱ ነው!

መጀመሪያ የደነገጥኩት ግን ለሸክላው አይደለም። «ደረጀ፣ አሲድ ቢሆንስ? ዋጥከው?» አልኩት። «አልዋጥኩም። ብውጠውስ፣ ሞተሬ በአንድ ቁልፍ ይነሳል» አለና ሳቀ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል እንዲህ ከሳቀ። ቀጥሎ የደነገጥኩት ለባልዲው ነው። ጸበል ሽንት ቤት ልደፋ! ባልዲውን ይዤ ደረጃውን ወረድኩና የግቢው ዛፍ ሥር፣ ሰው በማይረግጥበት በኩል ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት። የብሎካችን ጥበቃ እያየኝ «ዛፉ ታሟል እንዴ እትዬ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ።

ተመልሼ ያንኑ ሸክላ በባትሪ ውሃ አጠብኩ። ደረጀ ጋዜጣ ይዞ ተቀመጠ፣ ግን ገጹን አልገለጠም። ቅባቱ እንዲለቅ ሳሙናውን በሁለት ጠብታ ጨመርኩ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩ፣ እንደገና አለቀለቅኩ። ወረቀቱ አልረጠበም። በጨርቅ አደረቅኩት። መርፌውን ላስቀምጥ ስል እጄን ስላላመንኩት ደረጀን «አንተ አስቀምጥ» አልኩት።

ዝም። መጀመሪያ የተሰማው ዝምታው ነው። ማጫወቻው የተበላሸ መሰለን። ከዚያ ሳክስፎኑ ገባ። ዘፋኟ ልትጀምር ስትል ትንፋሿን ስትስብ ተሰማ። ያን ትንፋሽ ስንት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም። እንዳለም ረስቼው ነበር። መሃል ላይ አንድ ቦታ ቷ ይላል፤ እሱ ጭረት ነው፣ ጭረት አይታጠብም።

ደረጀ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ። «መልሰሽ አጫውቺው» አለ። አሁን ደግሞ እኔ አስቀመጥኩ።

ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ዘምዘም ትዝ አለችኝ። በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ። ቤቷ ዝግ ነው። በደረጃው መስኮት ሳይ ታች ሻንጣዋን ታክሲ ላይ እያስጫነች ነው። ጮኼ የማላውቅ ሴት ከላይ «ዘምዘም!» ብዬ ጮህኩ። ሦስት መስኮት ተከፈተ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ስደርስባት።

«ማሽኑን አምጪው።»

«ትናንት ተዪው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ወይስ እህት አለሽ?»

«ትናንት ተሳስቼ ነው። በእጅ የሚዞረውን። ብሩሽ ያለውን። ክዳን ያለውን።»

«ምን ክዳን?»

«የመሃሉን ወረቀት የሚሸፍን። እሱ ከሌለው አታምጪ። ሜሮን ፎቶውን ትልክልሻለች።»

ዘምዘም ትንሽ አየችኝና ሾፌሩን «እስቲ ቆይ» አለችው። «ብርቄ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ይኼን ያህል ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም» አለች። ሄደች።

ወደ ላይ ስወጣ አሰብኩበት። የሚመጥጠው ያደርቃል፣ እውነት ነው። የሚያንቀጠቅጠው ያምራል። ግን የእኛ ቤት ውሃ የሚመጣው በተራ፣ መብራትም በፈቃዱ ነው፣ ማጠቢያዋም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቆሻሻ ለአምስተኛው እንዳይደርስ ውሃውን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ። የማለቅለቂያው ለብቻው በሌላ ሳፋ ይሆናል። ይበቃል።

ደረጀ ስለ ቅዳሜ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም። ፈርቼ ነው። ሸክላው ጠራ ማለት እኮ አይሸጥም ማለት አይደለም። የጠራ ሸክላ ይበልጥ ይሸጣል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከሰዓት ደመና። ሁላችንም ቤት ነን። ኢዮብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ።

ጨዋ ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሸክላ ሲይዝ ጠርዙን ብቻ ነው የሚነካው፣ እሱን ወደድኩለት። እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያዘነበለ አየ። ደረጀ ካርቶን አዘጋጅቶ ነበር።

ያጠብኩትን ሸክላ ደረጀ ራሱ አጫወተለት። ኢዮብ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ።

«ጋሼ ደረጀ፣ ይንጣጣሉ አላሉኝም ነበር?»

«ብዬሃለሁ። ሐሙስ ዕለት ይንጣጣ ነበር።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ገና ናቸው።»

ኢዮብ ተነስቶ መደርደሪያውን ዳር እስከ ዳር አየ። «እንግዲያው ከተባባልነው ላይ እጨምራለሁ። ሁሉንም። ዛሬውኑ ልጫናቸው።»

ሜሮን በእግሯ ነካችኝ። እኔ ሻይ ይዤ መሃል ላይ ቆሜአለሁ። ደረጀ አገጩን አሸ፤ የሚያስብ ሲመስል እንደዚያ ያደርጋል። እሺ ሊል ነው አልኩ። ቃል ሰጥቷል፣ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

«እኔ ውሰድ ያልኩህ አልቀዋል ብዬ ነው» አለ። «አላለቁም። እንግዲህ እሷን ጠይቃት።»

ኢዮብ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ምን ይላሉ?»

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሶፋው፣ አሮጌው ቴሌቪዥን፣ የእናቴ ሳጥን። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም እንድጠየቅ አድርጌ አላውቅም።

«አይሸጡም» አልኩ።

ድምፄ አንሶ ነው መሰለኝ ኢዮብ ጎንበስ አለ። «እንዴት አሉኝ?»

«አይሸጡም። ገና እያጠብኳቸው ነው።»

ደረጀ ሳቀ፣ እግሩን በእጁ እየመታ። «ሰማህ ልጄ? እኔ ሾፌር ነኝ፤ ባለ መኪናዋ እሷ ናት።»

ኢዮብ አልተቀየመም፤ ወይም ቢቀየምም አላሳየም። ሻዩን ጠጣ። አንድ ዘፈን እንድናጫውትለት ለመነ፣ ሁለት አጫወትንለት፤ ሁለተኛው ያልታጠበ ነበርና ሽንኩርቱን አብረን ሰማን። ሲወጣ «ማሽኑ ከመጣ የእኔንም ያጥቡልኝ ይሆን?» አለ። «መጀመሪያ ይምጣ» አልኩት።

ማታ ዘምዘም ድምፅ ላከች። ከኋላዋ ገበያ ይንጫጫል። «ብርቄ! አገኘሁት። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክዳን አለው፣ አንዱ የለውም፣ የሌለው ብሩሹ ወፍራም ነው፣ ሻጩ እሱ ይሻላል ይላል። ቶሎ በይ!» ሜሮን ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። «አንቺ ንገሪያት እማዬ።» ተጭኜ ያዝኩና «ክዳን ያለውን» አልኩ። ብሩሹ ምን እንደሚመስል ግን አላየሁም። ቀጭን ከሆነ ቅባቱን ላያነሳ ይችላል። ሲመጣ አያለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጥርት ያለ ጠዋት። ሜሮን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔና ደረጀ።

ከእንቅልፌ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ለደረጀ አጃ አፈላሁ። ባዶውን ካርቶን አጥፌ ከበሩ ኋላ አቆምኩት። ደረጀ ከማደያው ሌላ የባትሪ ውሃ ይዞ መጣ። ጠርሙሱን ተቀብዬ በእስክሪብቶ በትልቁ «ባትሪ» ብዬ ጻፍኩበትና ከፍሪጁ ርቆ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳፋ አዘጋጀሁ፣ አንድ ለማጠብ፣ አንድ ለማለቅለቅ። ከላይኛው መደርደሪያ ጥቂት ሸክላ አወረድኩ። እኔ እቦርሻለሁ፣ ደረጀ ያደርቃል። ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ እንዳይጫን ነገርኩት፣ ላላ አደረገው። አንዱ በጣም ተጭሯል፣ ለይተን አስቀመጥነው። የታጠበው የመጀመሪያው ማጫወቻው ላይ እየዞረ እያለ መብራት ጠፋ። ዘፋኙ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ቆመ።

ደረጀ «ይኸው» አለና ወደ እኔ አየ።

«ለማጠብ መብራት አያስፈልግም» አልኩት።

የሚቀጥለውን አቀበልኩት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ሳፋው ላይ እስክታርፍ ድረስ አጠብን።